ልጆቻችንን ይዘን ወደ ጢስ ዓባይ



ጊዜው መስከረም 2011 ዓ.ም. ነበር። ከፍኖተ ሰላም ወደ ጢስ ዓባይ ስንነሳ ጉዟችን ለሽርሽር ብቻ አልነበረም። ትልቁ ልጃችን በሰኔ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ወድቆ፣ ክረምቱን ሙሉ «ከዚህ ወዲያ አልማርም፤ ሱቅ እገባለሁ» እያለ ከርሟል። ደብተሩን ገልጠን ብናይ ስለ ሕያዋን ነገሮች አመዳደብ የተጻፈው ሁሉ ተሟልቷል። ስንጠይቀውም አንድ ሳያጎድል በቃሉ ይወጣዋል። ጥያቄው ትንሽ ዞር ሲልበት ግን ይጠፋበታል። «የሌሊት ወፍ ከየትኛው ክፍል ትመደባለች?» ብንለው «ከአዕዋፍ» አለን። ስሟን እንጂ እሷን አያውቃትም ነበር።

ሱብሒን ሰግደን መንገድ ጀመርን። እስከ ቡሬ ድረስ ግራና ቀኙ በቆሎና በርበሬ ነው። ቡሬ ላይ ለቁርስ ስንቆም ልጆቹን ከማሳው ዳር አንዳንድ ቅጠል እንዲያመጡ አዘዝናቸው። በበቆሎው ቅጠል ላይ ያሉት መስመሮች ከሥር እስከ ጫፍ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የበርበሬው ደግሞ እንደ መረብ የተጠላለፉ ናቸው። የመጀመሪያው ባለ አንድ ክክ፣ ሁለተኛው ባለ ሁለት ክክ ተክል መሆኑ በዚህ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ጤፍን፣ ስንዴንና ዳጉሳን ከበቆሎ ጋር፤ ባቄላን፣ ኑግንና አደይ አበባን ከበርበሬ ጋር እያሰለፉ ቲሊሊን አለፍን። ታናሽ እህቱ ሣር ከየትኛው ወገን እንደሆነ ስትከራከር ቆይታ፣ ቅጠሉን አይታ ራሷ ፈረደች።

ባሕር ዳር ስንደርስ ከጣና ዳር ዓሣ ከሚራገፍበት ቦታ ወረድን። አምባዛ ጢም አለው፤ ቅርፊት ግን የለውም። ቆሮሶ ባለ ቅርፊት ነው። ነጭ ዓሣ የሚባለው ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። የአንዱ አፍ ሰፊ፣ የሌላው ጠባብና ወደ ታች የዞረ ነው። ተመራማሪዎች ከዚህ ወገን በጣና ውስጥ 15 ያህል ዝርያዎችን ለይተዋል፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸው። «ለምን እዚህ ብቻ ተገኙ?» አለ ልጃችን። «ነገ መልሱን በዓይንህ ታየዋለህ» አልነው።

ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዓባይ ወደ 40 ሜትር ከሚጠጋ ገደል ሲወረወር ጢሱ ከሩቅ ይታያል። «አሁን ከታች ያለ ዓሣ ይህን ወጥቶ ጣና ይገባል?» ብለን ጠየቅነው። ራሱን ነቀነቀ። የጣና ዓሦች ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ተለይተው ረጅም ዘመን ብቻቸውን የኖሩት ይህ ግድግዳ ስለከለላቸው ነው። በታችኛው ዓባይ የሚኖረው ግዙፉ ናይል ፐርች በጣና የሌለውም በዚሁ ምክንያት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ፤ ፏፏቴው ዓመቱን ሙሉ እንዲህ አይሞላም። ውሃው በ1956 እና በ1993 ዓ.ም. ሥራ ለጀመሩት የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫዎች ሲጠለፍ ኖሯል። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከጣና ወደ በለስ ማመንጫ የሚሄድ አለ። በበጋ የሄደ ሰው አብዛኛውን ደረቅ ገደል ሊያይ ይችላል።

ጢሱ በሚያርሰው ድንጋይ ላይ አበባም ዘርም የሌላቸውን ሳረንስትና ፈርን ስናሳያቸው አንድ እረኛ ተጠጋን። የልጃችን እኩያ ነው፤ ትምህርቱን ከ4ኛ ክፍል አቋርጧል። የኛው ልጅ ክፍሉን ሲጠራ እረኛው እንስሳውን ያሳየዋል፦ እንቁራሪት ከኩሬው ዳር፣ እንሽላሊት ከድንጋዩ ላይ፣ ጦጣ ከሾላው ዛፍ። አዕዋፍ ላይ ሲደርሱ ልጃችን የሌሊት ወፍንም ጨመረ። እረኛው ሳቀ።

«እንዴ! ልጇን ታጠባለች እኮ። ደረቷ ላይ ለጥፋው አይቻለሁ። ደግሞስ ላባ አላት?»

ልጃችን ዝም አለ። ኋላ ደብተሩን አወጣና ከአዕዋፍ ሥር ሰርዞ ከአጥቢዎች ሥር ጻፋት። እረኛው ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየና፣ «ይህን ሁሉ ጽፈህ ልትተወው ነው?» አለው። እኛ ክረምቱን ሙሉ የመከርነው ምክር እንደዚያች አንዲት ጥያቄ አልሠራም።

ውድ ወላጆች፣ ከዚያ ጉዞ የተማርነው ልጁ በቃሉ ከማጥናቱ በፊት ማየት እንዳለበት ነው። ያየውን ሁሉ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ አከርካሪ አለው ወይ? ገላውን የሸፈነው ፀጉር ነው፣ ላባ ነው፣ ቅርፊት ነው ወይስ ርጥብ ቆዳ? ልጁን ያጠባል ወይ? አከርካሪ ከሌለው እግሩን ይቁጠር። በመድረሳ የሚያውቋቸው የሱራ ስሞችም ይረዳሉ። አል-በቀራህ ላም፣ አል-ፊል ዝሆን ናቸው፤ ሁለቱም አጥቢዎች ናቸው። አን-ነሕል ንብ፣ አን-ነምል ጉንዳን ናቸው፤ ባለ ስድስት እግር ነፍሳት። አል-ዐንከቡት ሸረሪት ናት። ስምንት እግር ስላላት ከነፍሳት አትቆጠርም፤ ብዙ ልጆች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው።

ልጃችን በሰኔ 2011 ዓ.ም. ተፈትኖ አለፈ፤ አልሐምዱ ሊላህ። የእረኛውን ነገር ግን አናውቅም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ እንደ እሱ ከትምህርት የራቁ ልጆች በዝተዋል። ያን መንገድ ልጆች ይዞ መጓዝም ከባድ ሆነ። ጓሮው ግን አልተዘጋም። የበቆሎው ቅጠል፣ የግድግዳው ሸረሪት፣ የኩሬው እንቁራሪት ከደጃችን አሉ። ልጆቻችን ደብተራቸውን ይዘው እንዲወጡና እንዲያዩ እናድርግ፤ ያላቋረጠውም ካቋረጠው የጎረቤት ልጅ ጋር አብሮ ያጥና። አላህ ሰላሙን ያምጣልን። አሚን።