«ኩሬያችን እንዴት ናት?»

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ፣ የዓሣ ኮተሌት ከሚሸጥባቸው ቤቶች በአንዱ በረንዳ ላይ አጎቴ የራሱ ወንበር ነበረችው። እዚያ ሲቀመጥ «ካፒቴን» ይሉታል። ካፒቴን ሆኖ ግን አያውቅም። 24 ዓመት ሙሉ በንግድ መርከብ ሲሠራ የኖረው ከውኃው በታች፣ ማሽን ክፍል ውስጥ ነው። መሪ ጨብጦ፣ በመነጽር አድማስ ቃኝቶ አያውቅም። ይህንንም ደጋግሞ ነግሯቸዋል። የአርባ ምንጭ ሰው ግን አንዴ የሰጠውን ሹመት አይሽርም።

የዶርዜ ሸማኔ ልጅ እንዴት መርከበኛ ሊሆን እንደ ቻለ የሚጠይቀው ብዙ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። በልጅነቱ ከጨንቻ ደጋ ወርዶ፣ እንደ ብዙው የአገሩ ልጅ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ገባ። እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ መወርወሪያ ሲወረውር ጥቂት ዓመት ቆየ። አንድ ዘመድ «አሰብ ወደብ ላይ የጉልበት ሥራ አለ» ቢለው ሄደ። ጆንያ ከመሸከም ወደ መርከብ ማጽዳት፣ ከማጽዳት ወደ ማሽን ክፍል ዘይት ማጠጣት ተሻገረ። ዓመቱ 1968 ነው። በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ በዚያን ጊዜ ገና ጎልማሳ አልሆነም። «ከሸማ ጉድጓድ ወጥቼ ማሽን ጉድጓድ ገባሁ» ይል ነበር አጎቴ፤ ሲለውም ይስቃል።

እኔ የማስታውሰው ለመስቀል ፈቃድ ሲመጣ ነው። በጋሞ መስቀል ምን ማለት እንደ ሆነ ለማያውቅ አንባቢ ማስረዳት ይቸግራል፤ ዓመቱን ሙሉ ለበሬ የሚቆጠብበት፣ የራቀው ሁሉ ወደ ቤቱ የሚመለስበት በዓል ነው ብል ይበቃል። አጎቴ ግን በየዓመቱ አይደርስም። መርከብ የቀን መቁጠሪያ አይጠይቅም። በደረሰበት ዓመት የእኛ ግቢ በሰፈር ልጅ ይሞላል፤ ማዕበል ልንሰማ። እርሱ የሚነግረን ደግሞ ስለ ሽንኩርት ነው። ከአውሮፓ መልስ ሽንኩርት ሲያልቅ ወጥ ቤቱ ውስጥ ምን ዓይነት ጠብ እንደሚነሣ፣ እናቴ የቋጠረችለት ዳጣ ቀይ ባሕር ላይ ሳይደርሱ እንዴት እንደሚሰረቅ፣ ማሽን ክፍል ውስጥ ሙቀቱ ሲብስ ሰው እንዴት በቁሙ እንደሚተኛ። «ጋሼ፣ ማዕበሉስ?» ስንለው፣ «ማዕበል መጥፎ ነው፤ ሾርባ ሳህን ላይ አይቆምም» ይለናል። እኛም አኩርፈን እንበተናለን።

በ1992 ዓ.ም. ከመርከብ ወርዶ ለሁልጊዜው መጣ። እኔ 11 ዓመቴ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በ2004 ዓ.ም. የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ፣ ጽሑፌን የሚቀበለኝ ጋዜጣ ፍለጋ ደጅ ስጠና ከቆየሁ በኋላ አንድ አዘጋጅ «ወደብ ስለ ማጣታችን ልብ የሚነካ ነገር አምጣ» አለኝ። ልብ የሚነካ ነገር ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጧል ብዬ ደስ አለኝ። ቴፕ ይዤ ሦስት ምሽት ከአጎቴ ጋር ቆየሁ። ያው እንደ ልማዱ ነበር፤ ሽንኩርት፣ ሙቀት፣ እንቅልፍ። ስለ አሰብ ስጠይቀው፣ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ባሕር ላይ እንደ ነበሩና ከዚያ ወዲያ ዕቃ የሚያራግፉት ጂቡቲ እንደ ሆነ ነገረኝ። «አሰብ የምወዳት ሻይ ቤት ነበረች» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም።

ጽሑፉ ሲወጣ አጎቴ አሰብን እያነሣ እንባውን ይጠርግ ነበር። የቢስኬ ባሕረ ሰላጤ ማዕበል እንደ ተራራ ይቆም ነበር። እርሱም ከበረንዳው ሆኖ ሐይቁን ቁልቁል እያየ «ውቅያኖስ ላይ ለኖረ ሰው ጫሞ ኩሬ ነው» ይል ነበር። ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላለም፣ አላደረገም። እኔ ነኝ ያልኩለት። በዚያን ጊዜ ግን እንደ ውሸት አልቆጠርኩትም። ሰውየው በልቡ ያለውን እኔ በቃል አወጣሁለት ብዬ ነበር የማስበው። እንደኔ ያሉ ጀማሪዎች ይህችን ሰበብ ከየት እንደሚማሯት አላውቅም፤ ትምህርት ቤት እንኳ አላስተማሩንም።

ጋዜጣው አርባ ምንጭ በደረሰ ዕለት እዚያው ዓሣ ቤት ጮክ ተብሎ ተነበበ። በረንዳው ላይ የሚቀመጡት ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ከሐይቁ ዳር ከሚበቅል ቀላል እንጨት በተሠራች፣ ከውኃው እምብዛም ከፍ በማትል ጀልባ፣ አዞና ጉማሬ መካከል መረብ የሚጥሉ ሰዎች። በአዞ የተወሰደበት ዘመድ ያለው አለ። «ኩሬ» የምትለዋ ቃል ስትነበብ ማንም አልተቆጣም አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን አጎቴ በረንዳው ላይ ሲደርስ አንዱ ቀና ብሎ፣ «ካፒቴን፣ ኩሬያችን እንዴት ናት?» ይለዋል። በማግስቱም ሌላው። ቀልድ ነው። እየዋለ ሲያድር ግን ወንበሯ ባዶዋን መዋል አበዛች።

አጎቴ አልወቀሰኝም። ስመጣ ይስመኛል፣ ስለ ጤናዬ ይጠይቀኛል፣ ስሄድ ይመርቀኛል። እኔ ባለሁበት ግን ስለ መርከብ ማውራት ተወ። ሌላ ሰው ቢያነሣበት እንኳ «ቆየ እኮ፤ ረሳሁት» ይላል። እንዲህ እንዲህ እያልን አምስት ዓመት ሄደ።

በ2009 ዓ.ም. ለመስቀል ሄጄ፣ የበዓሉ ማግስት ማታ፣ «ነገ ጠዋት ጫሞ እንሂድ፤ ጀልባ ተከራይልኝ» አለኝ። ነገሩ ካስደነገጠኝ በኋላ ነው ሌላው ትዝ ያለኝ፤ አጎቴ በጫሞ ላይ በጀልባ ሄዶ አያውቅም። ለነገሩ የከተማችን ሰው ብዙው እንዲሁ ነው። ሴቻ ላይ ሆኖ ሁለቱን ሐይቆች፣ ቀዩን አባያንና ሰማያዊውን ጫሞን፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይን፣ ለእንግዳ በጣቱ ያሳያል፤ እርሱ ግን ውኃው ድረስ አይወርድም።

ጎሕ ሲቀድ ወረድን። ጀልባ ነጂው 20 ዓመት የማይሞላው ልጅ ነበር። አጎቴ ላይፍ ጃኬቱን ሁለት ጊዜ አስሮ፣ ሁለት ጊዜ ፈትሾ ተቀመጠ። ከቁልፎ ወንዝ መግቢያ አጠገብ «የአዞ ገበያ» የሚባለው ዳርቻ ደረስን። አዞዎቹ አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ አንዳንዱ ከጀልባችን ብዙም አያንስም። ልጁ ሞተሩን ቀነሰ። ከጀርባችን የጉጌ ተራራ፣ ከፊታችን የነጭ ሳር ሜዳ ጠዋት ጠዋት እንደሚያደርገው ቀስ እያለ ከጭጋጉ ይወጣል። ፔሊካኖች በሰልፍ አለፉ። አጎቴ ዝም ብሏል። ሁለት እጆቹ ግን የጀልባዋን ጠርዝ ጨምድደው ይዘዋል፤ ጅማቱ ተገትሯል።

«ፈራህ እንዴ ጋሼ?»

«አዎ» አለኝ ሳያፍር። «እዚህ ውኃው ፊት ለፊቴ ነው። እዚያ መቼ አየሁት? 24 ዓመት ውኃ ላይ ኖርኩ፤ ውኃ ያየሁበትን ቀን ግን ልቁጠር ብል እቆጥረዋለሁ።»

ወደ መካከል እንደ ገባን ሞተሩ ሁለቴ አስነጠሰና ጠፋ። ልጁ ገመዱን ሳበ፤ እምቢ አለ። ደግሞ ሳበ። ነፋስ ከጉጌ በኩል ይነሣ ጀመር፤ ጀልባዋም ጉማሬዎች ጆሯቸውን ብቻ ብቅ ወዳደረጉበት በኩል በቀስታ መንሸራተት ያዘች። ዓይኖቻችን ሁሉ አጎቴ ላይ ዐረፉ። እርሱ ሳቀ። «ምን ታዩኛላችሁ? እኔ የማውቀው ፎቅ የሚያክል ሞተር ነው። ይቺን መፍታት ብጀምር መልሼ አልገጥማትም» አለ። ልጁ ካንዴላውን አውጥቶ በሸሚዙ ያብሰው ጀመር። ሞተር የሌለበት ጸጥታ ወረደ። ውኃው የጀልባዋን ሆድ ጠብ፣ ጠብ ያደርጋል። አጎቴም ሳይጠየቅ መናገር ጀመረ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ከአውሮፓ ሲመለሱ ከፖርት ሰይድ በሌሊት ስዊዝ ካናል ገብተዋል። እርሱ የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ ሊተኛ ሲል ትልቁ ሞተር እየቀነሰ መጣና ቆመ፤ ጄኔሬተሩ ብቻ ቀረ። ማሽን ክፍል የሚሠራ ሰው ጩኸት አያነቃውም፤ የሚያነቃው ዝምታ ነው። ደንግጦ ደረጃውን ሲወጣ ነጋ።

እዚህ ላይ አንባቢን ጥቂት ላቁም። 193 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ስዊዝ ካናል በ1862 ዓ.ም. ሲከፈት የተቆፈረው በአንድ ወጥ ምድረ በዳ ላይ አይደለም፤ መንገዱ ላይ ሐይቆች አሉ። ትልቁ «መራራ ሐይቅ» ይባላል። ካናሉ ጠባብ ስለ ነበር ከሰሜን የመጡት መርከቦች እዚያ ሐይቅ ላይ መልሕቅ ጥለው ከደቡብ የሚመጡት እስኪያልፉ ይጠብቃሉ። ከግንቦት 1959 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት ካናሉ ሲዘጋ 14 መርከቦች እዚያው ሐይቅ ላይ ታግተው 8 ዓመት ቆይተዋል። አሸዋው ስላለበሳቸው «ቢጫው መርከበኛ ጓድ» የሚል ስም ወጣላቸው፤ ሠራተኞቻቸው የራሳቸውን ቴምብር እስከ ማተም ደርሰው ነበር። በ2007 ዓ.ም. ተጨማሪ መስመር ተቆፍሮ ስለ ተከፈተ እንደ ቀድሞው ቆሞ መጠበቁ በእጅጉ ቀንሷል።

አጎቴ ከላይኛው ወለል ላይ ሲወጣ ያየው ሐይቅ ነው። ባሕር አይደለም። ማዶው ይታያል፤ ማዶው ላይ ደግሞ ቡናማ ኮረብታ አለ። ውኃው ረግቷል። ትንንሽ ጀልባ የያዙ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ይስባሉ። ቀኑን በአገር ቤት ሲቆጥር መስከረም 16፣ የደመራ ዕለት ሆነበት። መርከብ ላይ እሳት አይነድድም፤ ክልክል ነው። የአገሩ ልጆች ከሆኑት ጋር ተማክረው የወለል መወልወያ እንጨት አቆሙ፤ ጫፉ ላይ ማሽን የሚያብሱበትን ቢጫ ጨርቅ ለአደይ አበባ አሰሩለት። ዞሩት። አንዱ ወሎዬ ነው፣ አንዱ የሐረር ልጅ ነው፤ አንዱ እስላም ነው፣ እርሱም አብሮ ዞረ። ወጥ ቤቱ ደብቆ ያስቀመጣትን የመጨረሻ ሽንኩርት አወጣ።

«ከዚያ ምን ሆነ?» አልኩት።

«ምንም። ሸሚዜን አጥቤ አሰጣሁ። እስኪደርቅ ተቀምጬ ውኃውን አየሁ። ጫሞን ከላይ ብቻ ነው የማውቀው፤ ስመለስ ወርጄ አየዋለሁ አልኩ። ይኸው ዛሬ ወረድኩ።» ትንሽ ቆየና «በ24 ዓመት ጥሩ ቀን ቢሉኝ የምላት እሷን ነው» አለ።

ጆሮዬ ጋለ። ይህን ታሪክ ነግሮኝ ነበር። ቴፑ ላይ አለ፤ በሁለተኛው ምሽት፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ። የመወልወያውን እንጨት ሳስብ ሁሉም ተመለሰልኝ። ያን ጊዜ ስሰማው «ይህ እንኳ ሐይቅ ነው፤ የእኔ ርእስ ባሕር ነው» ብዬ ቴፑን ወደፊት አሳልፌዋለሁ።

አጎቴ ካረፈ ወዲህ የመርከበኛነት ደብተሩ እኔ ዘንድ ነው። መርከቡ፣ የተሳፈረበት ቀን፣ የወረደበት ቀን፣ ማኅተም። ዘጠኝ ወር፣ ዐሥራ አንድ ወር በአንድ መስመር ያልቃል። መስከረም 16ን ፈልጌ ፈልጌ፣ ያቺ ቀን የምትውልባቸው ሦስት መስመሮች አገኘሁ። የትኛው እንደ ሆነ የሚነግረኝ የለም። ቴፑንም ሌላ ነገር ቀድቼበታለሁ።

ልጁ ለዐሥረኛ ጊዜ ይሁን ለዐሥራ አምስተኛ ገመዱን ሲስብ ሞተሩ ተነሣ። ጉማሬዎቹ ውኃ ውስጥ ጠለቁ። አጎቴ «ጎበዝ! እኔ ጋ ብትሆን ኖሮ ቶሎ ሹም ትሆን ነበር» አለው። እየተረጨን፣ እየረጠብን ተመለስን፤ እጁን ከጀልባዋ ጠርዝ ላይ ያነሣው የዳርቻውን ሸምበቆ ስናይ ነው።

ዳር ላይ ከበረንዳው ሰዎች አንዱ፣ ፂሙ የሸበተ ዓሣ አጥማጅ፣ መረቡን ይጠግናል። አጎቴ ከነላይፍ ጃኬቱ እየተንገዳገደ ሲወርድ ዐይቶ ፈገግ አለ።

«እህ ካፒቴን! ኩሬያችን እንዴት ናት?»

አጎቴ ወደ እኔ ዞር አለ። ከአምስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ትክ ብሎ አየኝ።

«እሱን ጠይቀው» አለ፤ «ጋዜጠኛው እሱ ነው።»

ሽማግሌው መረቡን እጁ ላይ እንደ ያዘ ቀና ብሎ ጠበቀኝ። ጫማዬ ውኃ ውስጥ ነበር። ቃሉ የእኔ እንጂ የእርሱ እንዳልሆነ ነገርኩት።