ጠቅታ

መብራት በጠፋበት አንድ ማታ፣ ሻማ ፍለጋ ወጥ ቤት ስንዳብስ፣ የስምንት ዓመቷ ልጄ የጋዝ ምድጃውን መለኮሻ አንሥታ ጠቅ፣ ጠቅ ታደርገው ጀመር። በጨለማው ውስጥ ሰማያዊ ብልጭታ ታየ።

«አባዬ፣ ይኼ ባትሪ አለው?»

የለውም አልኳት።

«ታዲያ ብልጭታው ከየት መጣ?»

ከጣትሽ ብላት አላመነችኝም። እውነቱ ግን ይኸው ነው። ከመጫኛው በስተጀርባ በሞላ የሚወነጨፍ ትንሽ መዶሻ አለ፤ የሚመታውም ከባቄላ ፍሬ የማይበልጥ ሴራሚክ ነው። የእርሳስ፣ የዚርኮኒየምና የቲታኒየም ኦክሳይዶች ተደባልቀው፣ በ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንደ ጀበና የተተኮሱበት። ጀበና ግን ቢመቱት ይሰበራል እንጂ ብልጭ አይልም። ልዩነቱ ከእሳት ከወጣ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ሴራሚኩን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ሲያቆዩት፣ በየአቅጣጫው ተበታትነው የነበሩት ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ጫፎቹ ወደ አንድ ወገን ይሰለፋሉ። መስኩ ሲነሣም ሰልፉ አይፈርስም። ከዚያ ወዲያ በተመታ ቁጥር ሰልፉ ይናጋል፤ በሁለቱ ፊቶቹ መካከልም በሺህ የሚቆጠር ቮልት ይፈጠራል። ክሪስታል ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ እንደሚያወጣ ወንድማማቾቹ ዣክና ፒየር ኩሪ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1880 ነበር።

«እንግዲያው ሁላችንም ብንዘል ቤቱ ይበራላ!»

እኔም በወጣትነቴ ይህንኑ ተመኝቻለሁ። የመርካቶን እግረኛ ሁሉ በእንዲህ ያለ ወለል ላይ ባስኬደው ከተማው የሚበራ ይመስለኝ ነበር። በቶኪዮ ባቡር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2008 ተሞክሯል። ሒሳቡ ግን ጨካኝ ነው። ቮልቱ በሺህ ይቆጠር እንጂ የአንዱ ጠቅታ ጉልበት ጥቂት ሚሊጁል ብቻ ነው፤ አንድ ዋት የምትበላ አምፖል ለአንዲት ሰከንድ ለማብራት በመቶዎች የሚቆጠር ጠቅታ ያስፈልጋል። ያውም በነጻ አይደለም፤ ከእግረኛው የሚወሰደው የበላው እንጀራ ነው። ሽቦ በማይደርስበት ቦታ፣ ለምሳሌ የድልድይን ንዝረት እየለካች አልፎ አልፎ መልእክት ለምትልክ ትንሽ መሣሪያ ያቺ ጠብታ ልትበቃ ትችላለች። ለቤት ግን አትበቃም።

ይህን በሻማ ብርሃን ለልጅ መንገር ደስ አይልም። ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና፣ ሁለት ጊዜ ዘለለች።

«ታዲያ ይኼ የት ሄደ?»

«ወለሉን ያሞቀዋል፤ እጅግ በጥቂቱ።»

ተንበርክካ መዳፏን ሊሾው ላይ አሳረፈች።