የአበባ ማሰሮዎቹ

የእናቴን መርዶ ከሰማሁ ወዲህ፣ ሥራ በሌለኝ ቀን ሁሉ እዚህ ዋሽንግተን ብሔራዊ የሥዕል ጋለሪ ገብቼ አንድ ሥዕል ፊት እቆማለሁ። ክሎድ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1881 ቬትዪ በምትባል የፈረንሳይ መንደር የሣለው የራሱ የአትክልት ስፍራ ነው።

ከላይ ቤትና ሰማይ፣ ከመሃል ደረጃ፣ ግራና ቀኝ ከሰው ቁመት በላይ የተመዘዙ የሱፍ አበቦች። መንገዱ ላይ አንድ ሕፃን ጋሪውን ይዞ ቆሟል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ቅር አለኝ። ጥቁር ለብሼ እንዲህ ያለ ፀሐይ ማየት አልፈለግኩም።

ታሪኩን ሳነብ ግን አፈርኩ። ሞኔ ወደ ቬትዪ የሄደው በ1878 ተቸግሮ ነው፤ ከከሰረ ወዳጁ ቤተሰብ ጋር አንድ ጣራ ሥር ተጠግተው ይኖሩ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሚስቱ ካሚል በ32 ዓመቷ ሞተች። ትንሹ ልጃቸው ሚሼል ያኔ ዓመት ተኩል እንኳ አልሞላውም። ይህ ሁሉ ብርሃን የተሣለው ከዚያ ሐዘን ሁለት ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ዓይኔ የሚያርፈው ጥላው ላይ ነው። ሞኔ በጥቁር አልሣለውም፤ ሰማያዊና ሐምራዊ ነው። ፀሐይ በተከለለበት ቦታ ሁሉ የሰማዩ ብርሃን ይደርሳል፤ እሱ ያንን አይቷል።

ከዚያ ደግሞ ማሰሮዎቹ አሉ። በመንገዱ ዳርና ዳር የተደረደሩት ነጭና ሰማያዊ የአበባ ማሰሮዎችን ሞኔ ቤት በቀየረ ቁጥር ይዟቸው ይሄድ ነበር። በ1873 አርዣንተይ በምትባል ከተማ ሳለ በሣለው ሌላ ሥዕል ውስጥም አሉ። እዚያ ካሚል በሩ ላይ ቆማለች። ቬትዪ ላይ ማሰሮዎቹ አሉ፣ አበባው አለ፣ እሷ የለችም።

እናቴ ጤናዳም የምትተክለው በባዶ የዘይት ቆርቆሮ ነበር። ቤት ስንቀይር ከዕቃው ሁሉ በፊት የሚጫነው እሱ ነው። ከመርዶው በኋላ ስለ ቆርቆሮው ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ፤ ደርቋል ቢሉኝ አልችለውም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ጠየቅኩ። እህቴ ፎቶ ላከችልኝ። ቆርቆሮው ዝጓል፣ ጤናዳሙ ግን ከአፉ ሞልቶ ፈሷል። አጠገቡ ልጇ ጆግ ይዛ ቆማለች፤ ጥላዋ በእርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ወድቋል። አጉልቼ አየሁት። ሰማያዊ ነው።