የዌልስ ገጠር መንገዶች፦ ከብት ነጂው፣ ኬላውና ባቡሩ

በዚህ ወር ጉዟችን የሚያደርሰን በታላቋ ብሪታንያ ምዕራባዊ ክፍል ወደምትገኘው ዌልስ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1837 ዙፋን ስትይዝ የዌልስ ገጠር ሀብት በእግሩ ይሄድ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ከብት ነጂዎች ጥቁር በሬዎቻቸውን እየነዱ፣ ተራራውን አቋርጠው እስከ ለንደን ገበያ ድረስ ለሳምንታት ይጓዙ ነበር። ጠጠሩ ሰኮናቸውን እንዳይበላው ለከብቶቹ የብረት ጫማ ይመታላቸዋል። ዝይዎቹስ? እነርሱ እግራቸው ሬንጅና አሸዋ ውስጥ እየተነከረ ነበር መንገድ የሚጀምሩት! ነጂው የጎረቤቶቹን ገንዘብ ጭምር ይዞ የሚሄድ የታመነ ሰው ነበር። በላንዶቬሪ ከተማ አንድ ከብት ነጂ በ1799 ያቋቋመው ባንክ «የጥቁሩ በሬ ባንክ» እስከ መባል ደርሷል።

በጋሪ የሚሄደውን ገበሬ ግን ኬላ ይጠብቀው ነበር። መንገድ ለመጠገን የተቋቋሙ ማኅበራት በየቦታው በር አቁመው ቀረጥ ይሰበስባሉ። የምዕራብ ዌልስ አፈር አሲዳማ በመሆኑ ኖራ ይፈልጋል፤ ኖራውን ለማምጣት ደግሞ በየኬላው መክፈል ግድ ነው። በመጨረሻ የገበሬው ትዕግሥት አለቀ። በግንቦት 1839 ኤፋይልዌን በተባለ ስፍራ ወንዶች የሴት ቀሚስ ለብሰው፣ ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው ኬላውን ሰባበሩት። መሪያቸውንም «ርብቃ» አሉት። ስሙ የነቢዩ ኢስሐቅ (ዐ.ሰ.) ባለቤት ስም ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱስ እንደሚነገረው ዘሮቿ የጠላቶቻቸውን በር እንዲወርሱ ተመርቃ ነበርና። አመፁ እስከ 1843 ዘለቀ። በዚያው ዓመት ሄንዲ ላይ አንዲት አሮጊት የኬላ ጠባቂ በጥይት ተገደለች። ቀረጡን ያወጣችው እርሷ አልነበረችም። በ1844 የወጣው ሕግ ማኅበራቱን በየአውራጃው ቦርድ ሥር ሲያጠቃልል የኖራውንም ቀረጥ በግማሽ ቀነሰው።

ከዚያ የሐዲዱ ዘመን መጣ። በፌስቲኒዮግ በ1836 በተከፈተው መስመር የጣሪያ ድንጋይ የጫኑ ፉርጎዎች ያለ ሞተር ቁልቁል ወደ ወደብ ይንሸራተቱ ነበር። ፈረሶቹም በራሳቸው ፉርጎ ተሳፍረው ይወርዱና ባዶዎቹን ሽቅብ ይጎትታሉ። በ1863 የእንፋሎት ባቡር ተካቸው። በ1864 ባቡር አበሪስትዊዝ ከተማ ሲደርስ ከብቱ ሥጋው ሳይቀንስ በፉርጎ መጓዝ ቻለ፤ የከብት ነጂውም ሥራ እየከሰመ ሄደ።

ባቡሩ ራሱም ሁሉም ቦታ አልዘለቀም። ከአበሪስትዊዝ ወደ ካርማርተን የሚወስደው መስመር በ1965 ለመንገደኛ ተዘግቷል። ዛሬ በሁለቱ ከተሞች መካከል በባቡር ልሂድ የሚል ሰው በእንግሊዝ ምድር ዞሮ መምጣት ይኖርበታል።