በአዚፋው ላይ የፈሰሰው አቼቶ

በዐቢይ ጾም እኩሌታ፥ በሾላ ገበያ የሎሚ ዋጋ ከፍ ባለበት ሳምንት፥ በሚላኖ የምትኖር እኅታችን የላከችልን አንድ ጠርሙስ ጥቁር አቼቶ በየካ ወዳለው ቤታችን ደረሰ። ባልሳሚኮ የሚሉት ነው። ለምሳ የተቀቀለው ድፍን ምስር ተደቁሶ፥ ሽንኩርቱና ቃሪያው ገብቶ፥ ሰናፍጩም ተለውሶ ሳለ ሎሚ አጣንና ከዚሁ ሁለት ማንኪያ ጨመርንበት። አባታችን ቀምሰው፥ «ዛሬስ አዚፋው እጅ ያስቆረጥማል» አሉ። እኛም ምን እንደ ገባበት ሳንናገር ተሳስቀን ዝም አልን።

ኋላ ግን የወይን ዘለላ የተሣለበትን ጠርሙስ አዩት። አባታችን ኅዳር 12 ቀን 2006 ዓ.ም.፥ ታናሽ ወንድማችን በጽኑ ታሞ ሳለ፥ በየካ ቅዱስ ሚካኤል ደጅ ቆመው፥ «ልጄን ብታስምርልኝ ጠላም፥ ጠጅም፥ ወይንም በአፌ አይገባም» ብለው ተስለው ነበር፤ ልጁም ድኗል፥ እርሳቸውም ስለታቸውን ጠብቀዋል። የቁጣ ቃል አልተናገሩም። እጃቸውን ታጥበው የኦሪት ዘኍልቍን ምዕራፍ 6 ገለጡና፥ የናዝራዊነት ስለት የተሳለ ሰው ከወይን ጠጅ ብቻ ሳይሆን ከእርሱ ከሚወጣውም ሆምጣጤ እንዲከለከል የሚያዝዘውን አሳዩን። እኛም ቦዔዝ ሩትን ከአጫጆች ጋር አስቀምጦ ቁራሽዋን በሆምጣጤ እንድታጠቅስ መጋበዙን ልናነሣ አስበን፥ አፍረን ተውነው። እርስዋ ስለት አልነበረባትምና።

ይህ አቼቶ በእርግጥ ምን እንደ ሆነ የመረመርነው ከዚያ በኋላ ነው፤ መቅደም የነበረበት ነገር ነበር። አገሩ በኢጣልያ ሞዴናና ሬጆ ኤሚልያ ነው። ጥንታዊው ዓይነት የሚሠራው ከወይን ጭማቂ ብቻ ነው፤ ጭማቂው በእሳት ላይ እስኪወፍር ይፈላና በእንጨት በርሜሎች ቢያንስ 12 ዓመት፥ እጅግ የከበረውም 25 ዓመት ይቀመጣል። ከዓመት ወደ ዓመት እየተነነ ሲጎድል ከትልቁ በርሜል ወደ ትንሹ ያዛውሩታል። በርሜሎቹ ከልዩ ልዩ ዛፍ የሚሠሩ ሲሆኑ፥ ከዛፎቹ አንዱ የእንጦጦ ተራራችን የሚያውቀው የጽድ ወገን ነው። እናቶቻችንስ ጋኑን በወይራ የሚያጥኑት መዓዛው ወደ ጠላው እንዲገባ አይደለምን?

ለእኛ የደረሰን ግን ያ አልነበረም፤ የዚያ ዋጋ አይቀመስም። በጠርሙሱ ላይ በደቃቅ ፊደል እንደ ተጻፈው፥ የእኛው የወይን ጠጅ ሆምጣጤና የወይን ጭማቂ ድብልቅ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2001 ዓ.ም. ስሙን ያስከበረለት ይህ ዓይነት በእንጨት ዕቃ 60 ቀን ቢቆይ ይበቃዋል። የወይን ጠጅ ወደ ሆምጣጤ ሲለወጥ ረቂቃን ተሐዋስያን ከአየር ጋር ተባብረው አልኮሉን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ ሆኖም ጥቂት ርዝራዥ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ «አልኮል የለበትም» ብለን አባታችንን ለማጽናናት የነበረን ተስፋ ከንቱ ሆነ።

የንስሐ አባታችን ነገሩን ሰምተው ለአባታችን፥ «ሳያውቁ የበሉት አይያዝብዎትም» አሏቸው። ወደ እኛ ዘወር ብለው ግን፥ ስለ አቼቶው ሳይሆን ስለ ዝምታችን ጠየቁን፤ ስግደትም ሰጡን።

አሁን ጠርሙሱ በመደርደሪያው ላይ አለ። አባታችን በዚያ ቀን ቢያመሰግኑትም፥ እውነቱን ለመናገር፥ ለአዚፋ ጣፋጭነቱ ይበዛል፤ ሰናፍጩን ያደክመዋል። ለተቀቀለ ቀይ ሥርና ለቲማቲም ሰላጣ ግን አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። በሁለት ሳሕን እናቀርባለን፤ የአባታችን በሎሚ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጠርሙሱን አስመጥተው ክዳኑን ከፈቱና አሸተቱት። «የታጠነ ጋን ይሸታል» አሉና መልሰው ከድነው፥ ሎሚው ወዴት እንዳለ ጠየቁ።