ከገዳሪፍ ሜዳ ወደ ቧሂት ጫፍ፦ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ

በዚህ እትም ከሬሽን ሰልፍና ከውኃ ወረፋ ወሬ ትንሽ ወጣ ብለን ተራራ እንውጣ። «በዚህ ሐሩር ደግሞ የምን ተራራ ነው?» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፣ ገዳሪፍ ሜዳ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ ማሽላና ሰሊጥ የሚዘራበት ጥቁር ዋልካ አፈር ዓይን እስኪደክም ድረስ የተዘረጋበት አገር ነው። በካምፕ የተወለዱ ልጆቻችን ከዚህ ሌላ መሬት አላዩም። በክፍል ውስጥ «ተራራ ሣሉ» ስንላቸው ድንኳን የመሰለ ነገር ይሥላሉ። «ዋልያ ምንድን ነው?» ስንላቸው ደግሞ «ኳስ ተጫዋች!» ይላሉ። አልተሳሳቱም፣ ብሔራዊ ቡድኑ «ዋልያዎቹ» ይባላል እኮ። እንስሳውን ግን አያውቁትም።

እኛ ወላጆች ደግሞ ማታ ማታ ቡና ላይ ስንቀመጥ ስለ አገር የምናወራው አብዛኛው ናፍቆት ነው። ልጆቹ ናፍቆታችንን ይሰማሉ እንጂ አገሩን አያዩትም። ናፍቆት ብቻ ማውረስ ልጅን አያስተምርም፤ እውቀት ጨምረን እናውርሰው ባዮች ነን። ስለዚህ ዛሬ በእግራችን የወጣነውን አንድ ተራራ እንደ ትምህርት አድርገን እናቀርብላችኋለን።

የተራራው ማንነት

ቧሂት የሚገኘው በሰሜን ጎንደር፣ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከፍታው 4,430 ሜትር ገደማ ነው። ከኢትዮጵያ ተራሮች የመጀመሪያው፣ ሁላችንም እንደምናውቀው፣ ራስ ዳሸን ነው። እኛ በተማርንበት መጽሐፍ የራስ ዳሸን ከፍታ 4,620 ሜትር ይባል ነበር፤ በኋላ በተደረገ ልኬት 4,543 ሜትር ገደማ ሆኗል። አባትና ልጅ በዚህ ቁጥር ብትለያዩ አትጣሉ፣ ሁለታችሁም የተማራችሁትን ነው የተናገራችሁት። ራስ ዳሸን ለመውጣት ተጨማሪ ቀናት ያስፈልጋሉ። ቧሂት ግን ጨነቅ ከሚባለው የማደሪያ ሰፈር ጠዋት የተነሣ ሰው ከሰዓት በኋላ የሚመለስበት ነው። ተራራ ለመውጣት ገመድም ልዩ ጫማም አያስፈልግም፤ ጤናማ ጉልበትና ትዕግሥት ይበቃል።

ጉዞው

የወጣነው በ1994 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተማሪዎች ሳለን ነው። ከጎንደር ተነሥተን በስተ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደባርቅ ደረስን። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚያ ነው። ተመዝግቦ፣ ከፍሎ፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ይዞ መግባት ደንብ ነው። ከደባርቅ በጠጠሩ መንገድ በሳንቃበር በኩል አልፈን 3,620 ሜትር ላይ ያለችው ጨነቅ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር።

ስለ ብርዱ ምን እንበላችሁ! ጋቢ ደርበን፣ ተጠጋግተን ተኝተን እንኳ ጥርሳችን ይንገጫገጭ ነበር። ጠዋት ስንወጣ ሣሩ ላይ አመዳይ ወርዶ ነጭ ሆኗል። እዚህ ላይ ለተማሪዎቻችን አንድ ስሌት እንስጥ። በ1,000 ሜትር ከፍታ ሙቀቱ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከገዳሪፍ እስከ ቧሂት ጫፍ ያለው ልዩነት 3,800 ሜትር ያህል ነው። እዚህ ራኩባ ሥር 40 ዲግሪ ሲያቃጥለን፣ በስሌቱ መሠረት እዚያ ጫፍ ላይ ያለው 15 ዲግሪ ነው ማለት ነው። ያውም ቀን ነው፣ ሌሊቱን አስቡት።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ ጀመርን። ከጨነቅ እስከ ጫፉ 800 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። ወጣቶች ስለነበርን መጀመሪያ ላይ መሽቀዳደም አማረን። ስካውቱ፣ ዕድሜያቸው የገፋ የአካባቢው ሰው፣ «ልጆቼ፣ ተራራ አይሮጥም፤ ቀስ በሉ፣ እሱ የትም አይሄድ» አሉን። ልክ ነበሩ። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚያስገባው ስድስት አሥረኛ ቢሆን ነው። ሃያ እርምጃ ሄዶ መቆም፣ ውኃ መጎንጨት፣ እንደገና ሃያ እርምጃ። ራሱን ያመመውና ያቅለሸለሸው ሰው ካለ መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ወደ ታች መውረድ። አንድ ጓደኛችን እንዲሁ ሆነና ከሌላ ስካውት ጋር ተመለሰ፤ ማታ ስንገናኝ ድኖ ሻይ ይጠጣ ነበር።

ጫፉ ላይ የደረስነው አራት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። በሶና ዳቦ ቆሏችንን አውጥተን በላን። በስተ ምሥራቅ፣ ከመሸሃ ሸለቆ ማዶ፣ የራስ ዳሸን ሰንሰለት ቆሟል። በሰሜን በኩል ደግሞ ገደሉ በአንዴ ተቆርጦ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ከታች ያሉት ተራሮች እንደ ተተከሉ ዓምዶች ይታያሉ። ይህ ሁሉ ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ፈልቶ የወጣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲሆን፣ ውኃ ነው እየሸረሸረ እንዲህ የቀረጸው።

የተራራው ነዋሪዎች

መጀመሪያ የሚገናኙት ጭላዳዎች ናቸው። ጭላዳ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ፣ ዋና ምግቡ ሣር የሆነ ዝንጀሮ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ሜዳው ላይ ቁጭ ብለው፣ በሁለት እጃቸው ሣር እየነጩ፣ በቂጣቸው እየተንፏቀቁ ይበላሉ። ወንዱ እንደ አንበሳ ጎፈር አለው፣ ደረቱ ላይ ደግሞ ቀይ ምልክት። ሲቆጣ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ያሳያል። ሲመሽ ሕፃናቱን በጀርባቸው አዝለው ገደል ውስጥ ገብተው ያድራሉ፤ ከነብርና ከጅብ የሚያድናቸው ገደሉ ነው።

ዋልያን ያየነው ማለዳ፣ እዚያው ጨነቅ አጠገብ ነው። ስካውቱ በጣታቸው ባያሳዩን ኖሮ ድንጋይ መስሎን እናልፍ ነበር። አምስት ነበሩ። ወንዱ ጺም አለው፤ ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ፣ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ የሚችል። ፍየል የምታረቡ ሁሉ ዘመዱን ታውቁታላችሁ፣ የፍየል ወገን ነው። ዋልያ በዱር የሚኖረው በሰሜን ተራሮች ብቻ ነው። እዚያ ከጠፋ ጠፋ፣ በቃ።

ከፍ እያላችሁ ስትሄዱ አስታው ያልቅና ጓሳ ሣርና ጅባራ ይመጣል። ጅባራ ለብዙ ዓመት ቅጠሏን ብቻ ዘርግታ ትቆይና በሕይወቷ አንድ ጊዜ ረጅም አበባ አውጥታ፣ ዘሯን በትና ትሞታለች። ሰማዩ ላይ አጥንት ከከፍታ ወደ ዐለት ጥሎ እየሰበረ መቅኑን የሚበላ ትልቅ አሞራ ያንዣብባል። ቀይ ቀበሮን ግን አላየንም። በመላው ኢትዮጵያ የቀረው 500 ያህል ብቻ ስለሆነ እሱን ማየት ዕድል ይጠይቃል። የአይጥ ጉድጓዶቹን ግን አይተናል፤ የቀበሮው ምግብ አይጥ ነው።

ውኃው ወደኛ ይመጣል

አሁን ወደዚህ እንመለስ። በካርታ ላይ በቀጥታ ብንለካው ከቧሂት እስከ ገዳሪፍ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን ተራራውና እኛ በውኃ የተያያዝን ነን። ከእነዚያ ገደሎች ሥር የሚወርዱት ጅረቶች ተከዜ ይገባሉ። ተከዜ ሁመራን አልፎ ሐምዳይት ላይ ሱዳን ሲገባ ስሙ ሰቲት ይሆናል። ሰቲት ከአትባራ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል፤ አትባራም ወደ ሰሜን ሄዶ ዓባይ ይገባል። አትባራ ራሱ መተማ አካባቢ ጓንግ የምንለው ወንዝ ነው።

በኅዳር 2013 ዓ.ም. በሐምዳይት በኩል የተሻገራችሁ ወገኖች እስከ ደረታችሁ የገባችሁበት ውኃ ከፊሉ የሰሜን ተራሮች ዝናብ ነው። በመተማና በገላባት በኩል የመጣነውም የጓንግን ውኃ እናውቀዋለን። ወንዞቹ ውኃ ብቻ አይደለም የሚያመጡት፣ የደጋውን አፈርም ጠርገው ያመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራው የኸሽም ኤል ጊርባ ግድብ ብዙ አቅሙን ያጣው በዚሁ ደለል ነው። ላይ ቤት ዛፍና ሣር ሲመነጠር ታች ቤት ግድብ ይሞላል። የተራራው ጉዳይ የተራራ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

የጥበቃ ዋጋ

ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን፣ ዩኔስኮ በ1978 በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ነው። በ1996 ግን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ ዋልያው እየቀነሰ፣ እርሻና ከብት እየበዛ ስለነበር። ከዚያ ዝርዝር ለመውጣት 21 ዓመት ፈጅቶ በ2017 ወጣ። ከዚያ በፊት ደግሞ በፓርኩ መሐል ግጭ በምትባል መንደር ገብስ እያረሱና ከብት እያረቡ የኖሩ ከ400 በላይ አባወራዎች በ2016 ወደ ደባርቅ እንዲሄዱ ተደርጓል። ካሳ ተከፍሏል። ነገር ግን በብርድና በገብስ የኖረ ገበሬ ከተማ ዳር ኑሮን ሀ ብሎ መጀመር ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ካምፕ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለንም። ዋልያው መዳን አለበት፤ ለዋልያው ሲባል ቤቱን የለቀቀውም ሰው ሊረሳ አይገባም። ልጆቻችን ሁለቱንም አብረው ይማሩ።

በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ሰደድ እሳት ጓሳውንና አስታውን በላው፤ የአካባቢው ሕዝብ ቅጠል ይዞ ተረባረበ፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ዓመት የቆየው ጦርነትም ወደ ፓርኩ አካባቢ ደርሷል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የመጣው ግጭት ደግሞ ጥበቃውንም ጎብኚውንም ጎድቷል። የዋልያ ቁጥርም በእጅጉ ቀንሷል። ጥይት ሲጮኽ ሰው ድንበር ይሻገራል፤ ዋልያ ግን የሚሻገርበት ሌላ ተራራ የለውም።

ለወላጆችና ለተማሪዎች

ዛሬ ተነሥታችሁ ተራራ ውጡ ማለታችን አይደለም። መንገዱም ፈቃዱም በእጃችን እንዳልሆነ እናውቃለን። ግን ከዚሁ ሆነን የሚሠራ ሥራ አለ። ከሰል ወስዳችሁ በቤታችሁ ግድግዳ ላይ ከመሬት ወደ ላይ ለኩ፤ እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር 100 ሜትር ይሁን። ገዳሪፍ 6 ሳንቲ ሜትር ላይ ትሆናለች፣ ደባርቅ 28 አካባቢ፣ ጨነቅ 36፣ ቧሂት 44፣ ራስ ዳሸን 45 ከግማሽ። ከቧሂት ጫፍ አንድ መስመር ወደ ታች አውርዱና ተከዜ በሉት፣ ወደ ሰቲት አድርሱት።

ከዚያ እናቶችን፣ አባቶችን፣ አያቶችን ጠይቁ። በየትኛው ከፍታ ነበር የምትኖሩት? ምን ይዘራ ነበር? የሣሩ፣ የዛፉ፣ የወፉ ስም ማን ነው? ከደጋም ኑ ከቆላ፣ ቋንቋችሁ አማርኛም ይሁን ትግርኛ፣ ስሙን በምታውቁት ቋንቋ እዚያው ከፍታ ላይ ጻፉት። ብዙዎቹ ስሞች ያሉት በሽማግሌዎቻችን አፍ ብቻ ነው።

የሰበሰባችሁትን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ወደ ትምህርት ቤቱ አምጡልን። ለሚቀጥለው እትም አሰባስበን በአንድ ሠንጠረዥ እናወጣዋለን። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ።