ሳንቲም ነው? ይለፉ

መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ካሉት ሕንፃዎች ወደ አንዱ ስገባ በር ላይ የቆመችው ፈታሽ ያችን አጭር ጥቁር ዱላዋን ከትከሻዬ ጀምራ ወደ ታች አወረደቻት። ቀኝ ኪሴ ጋ ስትደርስ ጮኸች።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«ሳንቲም።»

ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። «ሳንቲም ነው? ይለፉ» አለችና ከኋላዬ ቴሌቪዥን ተሸክሞ ወደቆመው ሰው ዞረች።

እንግሊዞች ይህችኑ ጩኸት ለመስማት በጥር ብርድ፣ ጭቃ ለጭቃ፣ ብረት መፈለጊያ ማሽን ይዘው፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ደፍተው ቀኑን ሙሉ ይንከራተታሉ። ክረምቱን የሚመርጡበት ምክንያት አላቸው። ሰብሉ ተነሥቷል፣ ማሳው ተገልብጧል፤ ደግሞ የራሰ አፈር ከደረቁ ይልቅ የማሽኑን ድምፅ ያጎላዋል ይላሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. ጥር ወር ሰመርሴት ውስጥ ጥቂት ወዳጆች በአንድ እርሻ ላይ ሲዞሩ ማሽኑ ጮኸ፤ ሲቆፍሩ 2,584 የብር ሳንቲሞች አወጡ። ኖርማኖች እንግሊዝን በወረሩበት ሰሞን አንድ የጨነቀው ሰው የቀበረው መሆን አለበት። ከጥቂት ዓመት በኋላ በ4.3 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። የእነሱ ማሽን ሲጮኽ ጋዜጠኛ ይመጣል፤ የእኔ ሲጮኽ «ይለፉ» ተባልኩ። ይህ ልዩነት ከየት እንደመጣ ሳላጣራ መተኛት አልቻልኩም።

ዱላዋ የትውልድ ሐረግ አላት፤ የሚነሣውም ከጥበቃ ሥራ አይደለም። በ1881 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ተመተው፣ ጥይቱ ገላቸው ውስጥ የት እንደተቀመጠ ጠፋ። የስልኩ ሰው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በኤሌክትሪክ የሚሠራ መፈለጊያ ይዞ መኝታ ክፍላቸው ገባ። ማሽኑ ጮኸ፤ ችግሩ ወዴትም ቢያዞሩት መጮኹ ነበር። በኋላ ሲጣራ ፕሬዚዳንቱ የተኙበት ፍራሽ በውስጡ የብረት ሽቦ ነበረው። ዋናው ሐኪም ደግሞ «ጥይቱ በቀኝ ነው» ብለው ስለደመደሙ በግራ በኩል እንዲፈለግ አልፈቀዱም። ጋርፊልድ ሞቱ፤ ሬሳቸው ሲመረመር ጥይቱ በግራ ተገኘ። መሣሪያው ገና ሲወለድ ጀምሮ የሚያገኘው ጌታው ፈልግ ባለው ቦታ ብቻ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ጦር ሜዳ ዋለ። ዮዜፍ ኮሳትስኪ የሚባል የፖላንድ መኮንን ወታደር በእጁ ይዞት የሚሄድ የፈንጂ መፈለጊያ ሠራ፤ በ1942 እ.ኤ.አ. ኤል አላሜይን ላይ የእንግሊዝ ጦር በዚያ እየጠረገ አለፈ። ጦርነቱ ሲያበቃ የተረፈው መሣሪያ ገበያ ወጣና ሥራ ፈት እጅ ገባ፤ የሳንቲም ፍለጋው ነገር ከዚያ በኋላ ነው የተስፋፋው። እኛ ዘንድ ግን እንዲህ ያለ የዕረፍት ዘመን አላገኘም። ከባድመ ጦርነት በኋላ ድንበር ላይ ፈንጂ ለቀመ፤ ቀጥሎ ወርቅ ፍለጋ ሄደ። ሱዳን ውስጥ ከ2009 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ በረሃው በወርቅ ፈላጊ ሲሞላ ማሽኑም በብዛት ገባ፤ የእኛም የወርቅ አገር ልጆች ለመዱት። ዱባይ ውስጥ ይህንኑ ብቻ የሚሸጡ ሱቆች አሉ፤ ማስታወቂያቸው ላይ የሚታየው ሁልጊዜ እንቁላል የሚያክል ወርቅ ነው። የዱባይ ዕቃ ደግሞ ማረፊያው የት እንደሆነ ይታወቃል።

ስለዚህ ፍተሻውን ካለፍኩ በኋላ ፎቅ ላይ ወጥቼ ቻርጀር፣ ስፒከርና የደኅንነት ካሜራ የሚሸጥ ልጅ ጋ ቆምኩ።

«ብረት መፈለጊያ ይኖርሃል?»

«የፍተሻው ነው የወርቁ?»

«የሳንቲም።»

ልጁ ስልኩን አስቀመጠ። «ሳንቲም በማሽን ይፈለጋል እንዴ ጋሼ? ታክሲ ተራ ይሂዱ እንጂ፤ በፌስታል ይዘው ቆመውልዎታል።»

ዝርዝር የሚሸጡትን ልጆች ማለቱ ነው። ድፍን ብር ይሰጧቸዋል፣ የድካማቸውን ቆርጠው የቀረውን በሳንቲም ይቆጥራሉ፤ የታክሲ ረዳት ደንበኛቸው ነው። ሳንቲም ከራሱ ዋጋ በላይ በሚሸጥበት ከተማ እኔ የማይሠራበትን ሳንቲም ልፈልግ መውጣቴ ልጁን ቢያስቀው አልፈርድበትም።

ማሽኑ ቢገኝም ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ መፈለግና መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘ ሰውም ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ ያዛል። ስለዚህ እንደ እንግሊዙ ጡረተኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳ ላይ ማሽን እየወዘወዙ መዋል የለም። ሕጉ ቢፈቅድስ ሰፈሩ መቼ ይለቃል? እኛ ዘንድ ማሽን ይዞ መሬት መሬቱን የሚያይ ሰው ወይ ፈንጂ አግኝቷል ወይ ወርቅ። በመጀመሪያው ሕዝብ ይሸሻል፣ በሁለተኛው አካፋ ይዞ ይመጣል። አንድ አሮጌ ሳንቲም ይዞ በሰላም ቤት መግባት በሁለቱም መንገድ አይታሰብም።

ደግሞም የማሽኑን ሥራ ዝናቡ ሲሠራው ኖሯል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ አክሱም ላይ መስከረም የሚጠባው ሳንቲም ታይቶ ነው። ክረምቱ ማሳውን አጥቦ ሲያበቃ አረንጓዴ ዝገት የለበሰች፣ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማትበልጥ የመዳብ ሳንቲም ከጠጠሩ መሐል ብቅ ትላለች። ገበሬ ሲያርስ፣ እረኛ ከብት ሲያግድ ያነሣታል፤ ልጆች መዳፋቸው ላይ አድርገው ከቱሪስት ኋላ ሲሮጡባት ኖረዋል። በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ እንዱቢስ የሚባለው ንጉሥ በወርቅና በብር ሳንቲም ማስመታት ጀመረ፤ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል ከላይ የነበረውን ጨረቃ አንሥቶ መስቀል አደረገበት። መዳቡ ላይ ደግሞ የንጉሡን ራስ ዙሪያ ብቻ በወርቅ የለበጡባቸው አሉ፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሥራ ሌላ አገር አልታየም። በግሪክኛ «ይህ አገርን ደስ ያሰኝ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸውም አሉ። ገንዘብ ሲያወጡ የሕዝቡን ደስታ የሚያስቡ ሰዎች ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ የወጣው ገንዘብ ላይ ይህን አባባል ፈልጌ አጥቻለሁ።

ብዙው ወርቅ በአንድ ላይ የተገኘው ግን አክሱም አይደለም። በ1980 እ.ኤ.አ. የመን ውስጥ ከ800 በላይ የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች በአንድነት ወጡ፤ አጥኚዎች ከአፄ ካሌብ ዘመቻ ጋር ያያይዟቸዋል። ያኔም ገንዘባችን ባሕር ተሻግሮ ዐረብ አገር ይቀመጥ ነበር፤ የዱባይ ተራ ነጋዴዎች አዲስ ነገር አልጀመሩም።

ወደ መርካቶ ስንመለስ፣ አፈሩ ለሳንቲም ፈላጊ ገና ልጅ ነው። ገበያው እዚህ የሰፈረው በ1930 ዓ.ም. ገደማ፣ ጣሊያን ጊዮርጊስ ሥር የነበረውን የአራዳን ገበያ ነቅሎ ለአገሬው ሰው ብቻ ወደ ምዕራብ ሲገፋው ነው። ስለዚህ የዱባይ ተራን ኮንክሪት ፈንቅሎ የሚወርድ ሰው ቢኖር ሊያገኝ የሚችለው የደርግ ጊዜ አንበሳ ያለበትን ሳንቲም፣ ከሱ በታች የጃንሆይ መልክ ያለበትን፣ ከዚያ እንግሊዞች ያመጡትን የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ ከሁሉም ሥር ሊሬ ነው። የጃንሆይ ስሙኒ ራሷን የቻለች ወግ ናት። በ1936 ዓ.ም. የተመታችው ክብ ነበረች፤ ከብር ከተሠራው ሃምሳ ሳንቲም ጋር እየተምታታች ብታስቸግር ተሰብስባ ጠርዟ እንደ አበባ ተሸነሸነ። ማን እንዳምታታት መርካቶን የሚያውቅ ሰው አይጠፋውም።

ትልቁን ለማግኘት አራዳ መውረድ ያስፈልግ ነበር። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አሞሌ፣ ጥይትና ማርትሬዛ እጅ በእጅ ሲለዋወጡበት የኖረ መሬት ነው፤ የገበያ ሰው ደግሞ መጣል ያውቅበታል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ያ አፈር በኤስካቫተር እየተዛቀ በገልባጭ መኪና ተጫነ። የት እንደተደፋ የሚያውቅ ሹፌር ካለ የማዋየው ጉዳይ አለኝ።

ማርትሬዛ የተባለችው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ናት። ሴትዮዋ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው፤ ብሯ ላይ ያለው ዓመትም ይኸው ነው፤ ቪየና ግን ከዚያ ወዲህም ያንኑ ዓመት እየጻፈች መትታታለች። ስለዚህ አንድ ሻጭ «ይሄ የ1780 ነው» ሲልዎት አልዋሸም፤ ብሩ ግን ባለፈው ዓመት የተመታ ሊሆን ይችላል። ቡናችን፣ ዝባዳችንና የዝሆን ጥርሳችን በምጽዋና በሐረር በኩል ሲወጣ የምትገባው እሷ ነበረች። ባላገሩም ዝም ብሎ አይቀበላትም። የዘውዷን ፈርጦች በጣቱ ይቆጥራል፣ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ያያል፣ ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ድምጿን ያዳምጣል፤ መልኳ የተፋቀ ከሆነ ይመልሳታል። ብረት መፈለጊያ ከመምጣቱ በፊት ጆሮ ነበረ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በራሳቸው መልክ፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝን፣ ከማርትሬዛ የማያንስ ብር አስመቱ። ባላገሩ ንጉሡን ይወዳል፤ ገበያ ሲወጣ ግን ሴትዮዋን አምጡ ይላል። ጣሊያንም ይህን ጠባያችንን አጥንቶ ነው የመጣው፤ በ1935 እ.ኤ.አ. ቅርጿን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ ይመታት ጀመር። ከገባ በኋላ ደግሞ ብሩን ስጡኝና ሊሬ ውሰዱ አለ። ሕዝቡ ወረቀቱን እያየ ብሩን ማሰሮ ውስጥ ከተተ። ዛሬ ማሽን ይዞ የሚዞር ሰው የሚያልመው ያንን ማሰሮ ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ።

ማሰሮው ግን አብዛኛው ከመሬት ወጥቷል፤ ያወጣውም አንጥረኛው ነው። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ማርትሬዛ ከገበያ እየራቀች፣ ቀልጣ የአንገት መስቀል፣ አልቦና ድሪ ሆነች። ጠርዟ ላይ ቀለበት ተበይዶባት በማተብ የተንጠለጠለችም አለች። አሮጌ ብር ለሚፈልግ ሰው ምክሬ መሬት መሬቱን ትቶ የጥምቀት ዕለት ቀና ብሎ የእናቶችን አንገት እንዲያይ ነው፤ ማሽኑን ግን ወደዚያ ባያስጠጋ ይሻለዋል።

መርካቶ ላይ በእርግጥ ሳንቲም የሚፈልግ ሰው ያገኘሁት ምናለሽ ተራ አካባቢ ነው፤ ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ጋብ እንዳለ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ከተሰበረ ስፒከር የወጣ ማግኔት በሲባጎ አስሮ ጎርፉ በተወው ደለል ላይ ይጎትታል። ሚስማር፣ ብሎን፣ የጠርሙስ ቆርኪ እንደ ጢም ተንጨባርሮ ይወጣለታል፤ እያራገፈ ማዳበሪያ ውስጥ ይጨምራል። ማግኔቱ የማይስበውን በእጁ ይለቅማል፣ አጥቦም ይለየዋል። ከቅርብ ዓመታት ሳንቲሞች አንዳንዶቹ ውስጣቸው ብረት ነው፤ ማግኔቱ ላይ ልጥፍ ይላሉ፤ እነሱ ለዳቦ። የማይለጠፈው እንደ መዳብና እንደ ነሐስ ያለው ነው፤ እሱ በኪሎ ለቆራሌው። መጽሐፍ አላነበበም፣ ግን ከስንት ሰብሳቢ የተሻለ መለያ አለው።

ኪሴ ውስጥ የነበረችውን ማርትሬዛ አውጥቼ ሰጠሁት። ማግኔቱን አስጠጋ፤ አልያዘም። በጥርሱ ሞከራት፣ መዳፉ ላይ ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘናት፣ ገልብጦ አያት።

«ጋሼ፣ ሴትዮዋ ማናት?»

«የኦስትሪያ ንግሥት ናት። ፈረንጅ።»

«እዚህ ምን ልትሠራ መጣች?»

«ንግድ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ እዚያ ሰፈር ለሚኖር ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከዚያ ብሯን ሳይመልስልኝ ስንት እንደምሸጣት ጠየቀኝ።